እናቲቱ ማሽን ቃል የጠየቀች ዕለት

ያን ዕለት ጠዋት ሸበጥ እያጠብኩ ነበር። የምን ሸበጥ ብትሉ፣ የመሥሪያ ቤት ሸበጥ። መሥሪያ ቤታችን ከቀበና ወንዝ ማዶ፣ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ሲወጣ ነው። ውስጡ አንድ ክፍል ነበር፣ በጫማ የማይገባበት። ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፉ ላይ ጫማ ይወልቃል፣ ሸበጥ ይጠለቃል፣ ከዚያ ነው የሚገባው። አቧራ አይወድም ይላሉ። እኔ እንግዲህ የዚያ በር ሹም ነኝ። በርጩማዬን ደጃፉ ላይ አድርጌ ጫማ እቀበላለሁ፣ ሸበጥ አድላለሁ፣ ሰው ቀለል ሲል ወለሉን እወለውላለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የሰዉን ጠባይ ግን ከጫማው ነበር የማውቀው። ተረከዙን ረግጦ የሚያጣምም አለ፣ ክሩን ሳይፈታ የሚጎትት አለ፣ ጫማውን ሲያወልቅ ደግሞ እኔ ራሴ ነፋስ ልቀበል ወደ ውጭ የምወጣለት አለ። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ አሁን ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል።

ጊዜው የደርግ ነው፣ ወደ መጨረሻው ግድም። ክፍሉ ውስጥ ያለችው ኮምፒዩተር ነች። ኮምፒዩተር ስላችሁ የዛሬዎቹን፣ ጭን ላይ የሚቀመጡትን እንዳታስቡ። ይቺ ቁም ሣጥን ታክላለች። በየቢሮው ደግሞ ቴሌቪዥን የሚመስሉ ትንንሾች አሉ፤ ገመዳቸው በግድግዳው እየተጎተተ ሄዶ ሄዶ ከሷ ይገጥማል። እኔ እናቲቱና ልጆቹ ነበር የምላቸው። መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ በኋላ ሁሉም እንደኔ ይጠራት ጀመር። እናቲቱ ደህና ካደረች ልጆቹ ሁሉ ሥራቸውን ይሠራሉ። እናቲቱ ካኮረፈች ሁሉም ዓይናቸውን ሲያርገበግቡ ይውላሉ፣ ጡት የለም።

የእናቲቱ ሞግዚት አስናቀ ይባላል። የመንዝ ልጅ ነው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ መሰላል የሚሄድ የሚመስል። ቀኑን ሙሉ እሷ ላይ አጎንብሶ እየዋለ ወገቡ ተያዘ። ሐኪም ቤት መርፌ ወጉት፣ አልለቅ አለው። ጫማውን እኔ ነበርኩ የማወልቅለት፣ ጎንበስ ማለት አቅቶት። የሚኖረው እትዬ አስካለ ግቢ ተከራይቶ ነው፤ እትዬ አስካለ የኔ የአጥር ጎረቤት ናት። አንድ ቀን አየችውና «እንጦጦ ጠበል ትወጣለህ። ሱባዔህን ሳታቋርጥ ትጨርሳለህ። ካቋረጥክ ከመጀመሪያው ነው» አለችው። እትዬ አስካለ ስትናገር መልስ አይሰጣትም።

ግን ያኔ ጠበል እንደ ዛሬ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ፣ ያውም የማሽን ሠራተኛ፣ ጠበል ወጣ ከተባለ ስብሰባ ላይ ስሙ ይነሣል። ኋላ ቀር ይባላል። ስለዚህ አስናቀ ለአለቃችን «ለወገቤ ሕክምና ልገባ ነው» ብሎ ፈቃድ ወሰደ። ውሸትም አይደለ። የት እንደሆነ የምናውቀው እትዬ አስካለና እኔ ብቻ ነን።

አለቃችን ጓድ ታፈሰ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ብቻ ሬዲዮ ነበር የሚመስለው። ሻይ ስጡኝ ለማለት «የሻይ አቅርቦቱ ይፋጠን» ይላል። እኔን «ጓዲት» ነው የሚለኝ። መጀመሪያ ሰሞን ሌላ ሰው እየጠራ መስሎኝ ዞር ብዬ አይ ነበር። ትውልድዎ የት ነው ሲሉት ደግሞ ፈጠን ብሎ «ጉለሌ» ይላል፣ ሁለተኛ ጥያቄ እንዳይመጣ።

ያን ዕለት እንግዶች ይመጣሉ ተብሏል። ከላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ ማሽኗን ሊያዩ። ሸበጡን እንደዚያ የማጥበውም ለነሱ ነው። ሌሊት መብራት ጠፍቶ አድሮ ሲነጋ መጥቷል። ትርሲት የምትባል ታይፒስት አለች፣ አስናቀ ሲወጣ እናቲቱን ጠብቂ ያላት። ገብታ ብዙም ሳትቆይ ወጣች።

«እትዬ፣ እናቲቱ አላስገባም አለችኝ።»

«በጫማ ገባሽ?»

«ኧረ በሸበጥ ነው። ቃል አምጪ ነው የምትለኝ።»

«የምን ቃል?»

«የይለፍ ቃል።»

እጄ ላይ ያለው ሸበጥ ወደቀ። የይለፍ ቃል እኮ ያኔ በሰዓት እላፊ የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን ደግኖ የሚጠይቅሽ ነው። ካላወቅሽ አለቀልሽ። «ሰዓት እላፊው ለማሽንም ተጀመረ እንዴ?» አልኳት።

አስረዳችኝ። እናቲቱ መብራት ጠፍቶባት ተኝታ ስትነቃ ሰው ይጠፋባታል። ባለቤቷ የሚያውቀውን ቃል ካልጻፉላት ማንንም አታምንም። ቃሉን ደግሞ አስናቀ ሊወጣ ሲል ቀይሮታል፤ ምስጢር ይጠበቅ ብሎ ጓድ ታፈሰ አዞት።

«ታዲያ ጓድ ያውቀዋላ» አልኩ። ቀላል ነገር መስሎኝ።

ጓድ ታፈሰ መጣ። ጫማውን ተቀበልኩት። ካልሲው ቀዳዳ ነው፤ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አጥፎ ሸበጡ ውስጥ ደበቀው፣ እኔም እንዳላየ ሆንኩ። ትርሲት «ጓድ፣ አስናቀ ቃሉን ለእርስዎ ነግሮዎት ነው የሄደው አይደል?» አለችው።

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «አልነገረኝም። ቃሉን አስረክበኝ ስለው እየሳቀ ‹ረሳሁት› ብሎኝ ሄደ። ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ወሰድኩት። አሁን ግን ምስሉ ግልጽ ነው። እንግዶች በሚመጡበት ቀን ማሽኑ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ተሰውሮ። ይህ አሻጥር ነው።»

አሻጥር። በዚያ ዘመን ይቺ ቃል ሰው ላይ ከተለጠፈች በሸበጥ ማጠቢያ ሳሙና አትለቅም። ትርሲት እኔን አየች፣ እኔ ወለሉን አየሁ።

«እንግዶቹ እስኪመጡ ካልተከፈተ» አለ ጓድ ታፈሰ፣ «ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል አስተላልፋለሁ። የት ነው የተኛው?»

ዝም ብል ልጁ አሻጥረኛ ይባላል። ብናገር ጠበል ወጣ ይባላል፣ ይጎትቱታል፣ ሱባዔውም ይቋረጣል። እንግዲህ ምላሴ ያመጣውን ተናገርኩ። «እኔ አውቃለሁ ጓድ። የሰፈሬ ልጅ ነው። እኔ ሄጄ ቃሉን ላምጣ።»

«የትኛው ሆስፒታል ነው?»

«ከፍ ያለ ሆስፒታል ነው።»

«ሪፈራል ነው?»

እሱ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ «አዎ» አልኩ።

«ስልክ የለውም?»

«ቀጥታ መስመር ነው ያለው ጓድ። ከውጭ አይገባም።»

«እንግዲያው በላዳው ሂጂ፣ ሾፌሩ ያድርስሽ።»

«መኪና ያዞረኛል፤ በእግሬ ይቀርበኛል» ብዬ ነጠላዬን ብድግ አድርጌ ወጣሁ። እንጦጦ በእግሬ ይቀርበኛል ያልኩት እኔ፣ ትንሽ ዳገት እንደወጣሁ እስትንፋሴ ከጆሮዬ ይወጣ ጀመር። ያኔ እንደ ዛሬው ፓርክ ምናምን የለም። ባሕር ዛፍ ነው፣ ያንሸራትታል፣ ቀጥ ያለ ነው። እንጨት የተሸከሙት ሴቶች ጫካውን ሙሉ ጀርባቸው ላይ ጭነው እየሮጡ ይወርዳሉ፤ እኔ ባዶ እጄን መውጣት ያቃተኝ። አንዷ ከጭነቷ ሥር ቀና ብላ «እመቤቴ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለችኝ።

«ቃል።»

«ሳናገኘው ወረድን» አለችና አለፈች።

ትንሽ እንደሄድኩ ደግሞ የደን ጠባቂ ብቅ አለ። «ቁሚ። ወዴት ነው? ይለፍ አለሽ?»

«አንተም?» አልኩት። «ዛሬ ሁሉም ሰው ይለፍ ይለኛል። ማሽኗም ይለፍ ትላለች።»

«የቷ ማሽን?»

«እናቲቱ። ልጆቿ ሁሉ ዓይናቸውን እያርገበገቡ ነው።»

ጠባቂው ዱላውን ዝቅ አደረገ። ፊቱ በአንዴ አዘነ። «ብቻሽን ነው የለቀቁሽ?» አለኝ። «አይዞሽ። ጠበሉ በዚህ በኩል ነው። ማርያም ትማርሽ።» መንገዱን ራሱ አሳየኝ። እብድ መሆን እንደዚህ መንገድ እንደሚከፍት ባውቅ ቀደም ብዬ እጀምር ነበር።

ጠበሉ ጋ ደረስኩ። የወንዶቹ በኩል በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ሴት አትገባም። ከቆርቆሮው ጀርባ የሰው ጩኸት ይሰማል፣ ከጩኸቱ መሃል የአስናቀን ድምፅ ለየሁት። ውሃው በረዶ ነው፣ ማን ዝም ይላል። እኔም ተራው አልቆ ሌላ ቦታ ሳይሄድ ብዬ ቆርቆሮውን መታሁና ጮህኩ። «አስናቀ፣ ቃሉን ተናገር!»

እንዲህ ያለ ነገር ጠበል ላይ አይባልም ለካ። ውስጥ የሚያጠምቁት ቄስ፣ እኔ ቤተሰቡ ሆኜ በልጁ ላይ ያለውን መንፈስ እንዲያናዝዙልኝ የምለምን መሰላቸው። መስቀላቸውን አንሥተው «ተናገር ተብለሃል፣ ተናገር» አሉት። ውሃው ሲጨመር ሰማሁ።

«ረሳኹት!» አለ አስናቀ።

«አልረሳህም» አሉ ቄሱ። «ስትገባ የት እንደገባህ ታውቃለህ። ተናገር።» እንደገና ውሃ።

«ኧረ አባቴ፣ ረሳኹት ነው! ረሳኹት ነው!»

እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀ በቃ። ቃሉ ከአንድ ሰው ጋ ነበር፣ እሱም ረስቶታል። ጓድ ታፈሰ ልክ ነበር። እኔ ዳገቱን ወጥቼ፣ ያበድኩም መስዬ፣ ልጁን በበረዶ ውሃ አስደብድቤ ያገኘሁት ይኼን ነው። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ አጠገቤ ያለችውም ሴትዮ የኔን አይታ አለቀሰች፣ ለምን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

ኋላ አስናቀ ጋቢውን ተጠቅልሎ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ወጣ። «እትዬ፣ ምነው? ምን አድርጌዎት ነው?»

«ምነው ትለኛለህ? ማሽኗ ተቆልፋለች፣ አሻጥረኛ ብለውሃል፣ አንተ ደግሞ ቃሉን ረሳሁት ትለኛለህ።»

«እኮ ነገርኩዎት። እሱ ነው።»

«ማን ነው እሱ?»

«ቃሉ። ቃሉ ራሱ ‹ረሳኹት› ነው። እንደሱ ብዬ ነው የቆለፍኳት።»

ዓይኔን አፈጠጥኩበት። «ሌላ ቃል ጠፍቶ?»

«ማንም ቢጠይቀኝ አልዋሽም፣ ማንም ደግሞ አይገምተውም ብዬ ነው። ለጓድ ታፈሰም ነግሬው ነበር። ቃሉን አስረክበኝ ሲለኝ ‹ረሳኹት› አልኩት። ይገባውና እንስቃለን ብዬ ጠበቅኹ፣ እሱ ኮስተር ብሎ ወጣ። እኔም ገብቶት ነው፣ ሰውየው ሳቅ አይችልም እንጂ ብዬ ተውኩት።»

ልመታው ፈለግሁ፣ ግን እርጥብ ነበር። ልብሴን ለብሼ ልውረድ አለኝ። «እትዬ አስካለ ያለችውን ረሳኸው? ካቋረጥክ ከመጀመሪያው ነው። አርፈህ ተቀመጥ፣ እኔ አደርሰዋለሁ» አልኩት።

«ፊደሎቹን ልንገርዎት እንግዲያው፤ በፈረንጅ ፊደል ነው የጻፍኩት።»

«ተወኝ እባክህ። የአማርኛውን ያልቆጠርኩ ሴትዮ የፈረንጁን በምኔ ልሸከመው? ቃሉን ይዣለሁ፣ ፊደሉን ትርሲት ታውቀዋለች።» እዚህ ላይ ነው የኔ ሞኝነት። ቃል ከተገኘ ፊደሉ ራሱ ተከትሎ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ዳገቱን ስወጣ እግሬ ነበር የሠራው፣ ስወርድ መቀመጫዬ ሠራ። የባሕር ዛፍ ቅጠል እንደ ሳሙና ነው። እንጨት ተሸካሚዎቹን ሁሉ ቀድሜ፣ በየመሃሉ እየተነሣሁ፣ መሥሪያ ቤት ደረስኩ። ጓድ ታፈሰ ደጃፉ ላይ ቆሟል፣ በሸበጥ።

«እህ፣ ምን አለ?»

«ረሳሁት» አልኩ፣ እስትንፋሴን ሳልሰበስብ።

«ይህን ያህል ሰዓት ቆይተሽ መጥተሽ ረሳሁት?»

«አልረሳሁትም ጓድ። ረሳሁት ነው።»

«ጓዲት፣ ተረጋጊ። ረሳሽው ወይስ አልረሳሽውም?»

«አልረሳሁትም። የማልረሳው ረሳሁትን ነው።»

«ለዚህች ሴት ውሃ ስጧት» አለ ጓድ ታፈሰ።

ትርሲት ግን ገባት። ሳቋ አመለጣትና አፏን ይዛ ወደ ውስጥ ሮጠች። ከዚያ ጓድ ታፈሰም ገባው፤ እንደገባው ያወቅሁት ላቡ ሲመጣ ነው። እሱ እኮ ነው ቃሉን ተቀብሎ አሻጥር ያለው።

ትርሲት ጻፈች። እናቲቱ እምቢ አለች። በአንድ ኤስ ጻፈች፣ በድርብ ኤስ ጻፈች፣ ከአር ቀጥሎ ኤ አደረገች፣ ኢ አደረገች። እምቢ። እኔ ለካ አላውቅም እንጂ አማርኛ በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ እንደ ሰዉ ብዛት ነው። የግምጃ ቤቱ ሰውዬ መጣ፣ «እንደሱ አይደለም፣ ‹ሳ›ን ሳብ አድርጊው» አለ። የሒሳብ ክፍሏ መጣች፣ «መጨረሻው ጠበቅ ይላል፣ ሁለት ቲ ነው» አለች። ሾፌሩ የሐረርጌ ልጅ ነው፣ እሱም የራሱን አለ። ሁሉም ሸበጥ ለብሰው ገብተው፣ ሸበጥ ያልደረሰው በካልሲ፣ እናቲቱን ከበው አፋቸውን እየከፈቱ «ረሳሁት»፣ «ረሰሁት»፣ «ረሳውት» ይላሉ። አንዱ ለስለስ ያደርገዋል፣ አንዱ ይጮኸዋል። እኔም በሩን ትቼ ገብቼ እላለሁ፤ ለምን ይቅርብኝ።

እንግዶቹ የመጡት ይኼኔ ነው። ደጃፉ ላይ ጫማ የሚቀበል የለም። ሦስቱም ቆመው አዩን። መሥሪያ ቤቱ ሞልቶ፣ ሁሉም ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ አለቃው መሃል ላይ፣ ሁሉም «ረሳሁት፣ ረሳሁት» ይላል። የጓድ ታፈሰ አውራ ጣት በካልሲው ቀዳዳ ብቅ ብሎ ቀረ።

ዋናው እንግዳ ቆብ ያደረጉ፣ ሸበቶ ሰውዬ ናቸው። ቆባቸውን አወለቁ። «ሂስና ግለሂስ ላይ ናችሁ?» አሉ። «አታቋርጡ፣ አታቋርጡ። እንዲህ በግልጽ ጥፋቱን የሚናገር መሥሪያ ቤት ካየሁ ቆይቻለሁ።» ጫማቸውን ራሳቸው አወለቁና ከግምጃ ቤቱ ሰውዬ አጠገብ ቆሙ። ትንሽ አሰቡና «እኔም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባለፈው ወደዚህ ላኩ የተባልኩት መመሪያ ነበር። ረሳሁት።»

ማን ይስቃል? ሁሉም ከንፈሩን ነክሶ ያለቅሳል። ትርሲት ወደ ጓድ ታፈሰ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ «ጓድ፣ አስናቀ ለእርስዎ ሲነግርዎት በትክክል እንዴት ነበር ያለው?» አለችው።

ጓድ ታፈሰ ከላይ እንግዳ፣ ከታች አውራ ጣት፣ ከፊት ማሽን ይዞታል። ሬዲዮው ጠፋበት። «ስንት ጊዜ ልንገርሽ» አለ፣ «ረሳኹት ነዋ ያለኝ! ረሳኹት!»

ያቺ «ኹ» ከጉሮሮው ነው የወጣችው፣ እንደ እንጨት ስንጥቅ። ሁላችንም ዞር አልን። ያቺ «ኹ» የአስናቀ «ኹ» ናት። መንዝ ካልተወለዱ አትገኝም። ጉለሌ አታበቅላትም።

ትርሲት ጣቷን ብቻ አነሣች፣ ከኤች ፊት ኬ አስገባች፣ ተጫነች። እናቲቱ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሆዷ ጉርርር አለ፣ መብራቶቿ ተራ በተራ በሩ፣ በየቢሮው ያሉት ልጆቿ ዓይናቸውን ማርገብገብ ተዉና ቀጥ አሉ። የግምጃ ቤቱ ሰውዬ አጨበጨበ፤ ሸበቶው እንግዳ ለእሳቸው ግለሂስ የተጨበጨበ መስሏቸው አብረው አጨበጨቡ።

እንግዶቹ ደስ ብሏቸው ሄዱ። ጓድ ታፈሰ መጨረሻ ላይ ጫማውን ሊቀበል መጣ። ጎንበስ ብዬ ሳቀብለው ነጠላዬ ላይ የተጣበቀውን የባሕር ዛፍ ቅጠል አየው፤ የቀሚሴ ጫፍም ጭቃ ነው። ቅጠሉን በጣቱ አነሣው፣ አሸተተው። ግራና ቀኙን አየ።

«ያ ሆስፒታል» አለ ቀስ ብሎ፣ «ውሃው አሁንም እንደዚያው ቀዝቃዛ ነው?»

«በረዶ ነው ጓድ።»

«እኔም ያኔ…» ብሎ ተወው። ጫማውን አጠለቀ። «አስናቀ ሕክምናውን ሳያቋርጥ ይጨርስ። ፈቃዱ ካጠረው አራዝምለታለሁ። አሻጥር የሚባል ነገርም እዚህ አልተነገረም።» ቅጠሏን ኪሱ ከተታትና ሄደ። ጓዲት ሳይለኝ የሄደው ያን ቀን ብቻ ነው።

ማታውን እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። ይኼን ሁሉ አንድ ሳላስቀር አወራኋት። ደን ጠባቂውን ሆኜ፣ ቄሱን ሆኜ፣ ሸበቶውን እንግዳ ሆኜ፣ ተነሥቼ ቆሜ፣ መቀመጫዬን ይዤ እንዴት እንደተንሸራተትኩ እያሳየሁ። እሷ ቁጭ ብላ ሰማችኝ። አልሳቀችም። ስጨርስ የቀረ ነገር እንዳለ ሁሉ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«እና ወገቡስ?» አለችኝ። «ዳገት ወጥተሽ፣ ልጁን በዓይንሽ አይተሽ፣ ወገቡ እንዴት እንደሆነ ሳትጠይቂው ወረድሽ? እኔ የሰደድኩት እኮ ለወገቡ ነው።»